ሙያ በልብ ብቻ እንዳይቀር፤ ስለ አርጀንቲና የየአውራጃው ማእድ

የአንድን ሕዝብ ጠባይና ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ መዘክሩን ብቻ ሳይሆን ማድ ቤቱንም መጐብኘት ይገባዋል። ነገሥታት ያወጡት አዋጅ ይሻራል፤ ጦረኞች ያቆሙት ድንበር ይገፋል፤ እናት ለልጇ ያስተማረችው ወጥ ግን የመንግሥት ለውጥና የዘመን ብዛት ሳያጠፋው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ሆኖም ይህ የሚሆነው የምታስተምር እናትና የምትማር ልጅ እስካሉ ድረስ ነው። ከሁለቱ አንዷ የጐደለች ዕለት፣ ብዙ መቶ ዓመት የኖረው ሙያ በአንድ ትውልድ ይቋረጣል። ዛሬ የምናቀርበው ስለ ሩቅ አገር ማእድ ቢሆንም ነገሩ ይህንኑ የሚያስረዳ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አርጀንቲና በደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ፣ ስፋቷ 2,780,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አገር ናት። ከቦሊቪያ ወሰን ተነሥቶ የእሳት ምድር እስከሚባለው ደቡባዊ ደሴት ድረስ ርዝመቷ 3,700 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሰሜን ምዕራቧ ደረቅ ደጋና ረዣዥም ተራራ፣ በሰሜን ምሥራቋ ሞቃትና ዝናባማ ደን፣ በመካከሏ ዳርቻው የማይታይ የሣር ሜዳ፣ በደቡቧ ነፋስና ብርድ የበዛበት ምድር አላት። ስለዚህች አገር ሲነገር በብዙ ሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው በፍም ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከሰፊ ቤት አንዱን ክፍል ብቻ አይቶ ቤቱን ሁሉ አየሁ እንደ ማለት ነው። እኛም በሩን አልፈን ወደ ጓዳው እንግባ።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሣት የሚገባው በቆሎ ነው። ሁሁይ፣ ሳልታ፣ ቱኩማንና ካታማርካ የተባሉት የሰሜን ምዕራብ ጠቅላይ ግዛቶች ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት በኢንካ መንግሥት ሥር የነበሩ ናቸው። ሕዝቡ ተራራውን በእርከን እያረሰ በቆሎ፣ ድንች፣ ቦሎቄና ዱባ ያመርት ነበር። ከእነዚህ ሰብሎች በአንድ ድስት ተቀላቅሎ የሚሠራው ሎክሮ የሚባለው ወፍራም ወጥ ስሙን ያገኘው ከኬችዋ ቋንቋ ነው። ባለሙያዋ ተሸክሽኮ ገለባው የወጣለትን ነጭ በቆሎና ቦሎቄውን ማታ በውሃ ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች፤ በማግሥቱ ለብዙ ሰዓት በዝግታ ታበስለዋለች። ዱባው ቀልጦ መረቁን እስኪያወፍረውና ወርቃማ መልክ እስኪሰጠው ድረስ ታማስለዋለች እንጂ አትቸኵልም። ስፔናውያን ከመጡ በኋላ የበሬና የአሳማ ሥጋ፣ ጨጓራና ቋሊማ ተጨመረበት። በመጨረሻም ከነቅጠሉ የተከተፈ ሽንኩርትና ቀይ በርበሬ በዘይት ወይም በሞራ ተቍላልቶ ከላዩ ይፈስበታል።

ይህ ወጥ የድኻ ምግብ ነበር። የከተማ ባለጸጎች የፈረንሳይን ማእድ እንደ ሥልጣኔ ምልክት በሚያዩበት ዘመን በግብዣ ላይ የሚያቀርበው አልነበረም። ዛሬ ግን አገሪቱ ስለ ነጻነቷ የምታስብባቸው ሁለቱ ታላላቅ ቀኖች ያለ ሎክሮ አይውሉም። አንዱ በቦነስ አይረስ በ1810 ዓ.ም. የስፔን እንደራሴ ከሥልጣን የወረደበት ሜይ 25 ቀን ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 17 ቀን ይውላል። ሁለተኛው በቱኩማን ከተማ በ1816 ዓ.ም. ነጻነት የታወጀበት ጁላይ 9 ቀን ሲሆን፣ በእኛ ሐምሌ 2 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች በየትምህርት ቤቱ፣ በየሰፈሩ ማኅበርና በየቤቱ ታላላቅ ድስት ይጣዳል። የቤት እመቤቶች ሲንቁት ያልጣሉት፣ ባለጸጎች ሲያፍሩበት ያልተዉት ወጥ የአገር ምልክት ለመሆን በቃ። ያበቁትም በመጽሐፍ ስማቸው ያልተጻፈ የገጠር ሴቶች ናቸው።

ከበቆሎ የሚሠራው በዚህ አያበቃም። እሸቱ ሲደርስ ፍሬው በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ ከሽንኩርት፣ ከዱባና ከፎርማጆ ጋራ ይቀላቀልና፣ በራሱ በእሸቱ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ይቀቀላል፤ ይህን ኡሚታ ይሉታል። ከበቆሎ ዱቄትና ከተከተፈ ሥጋ የሚሠራውና እንዲሁ በቅጠል የሚታሰረው ደግሞ ታማል ይባላል። ድስት ላይ የሚቀረው ትርፍ፣ ከሰብሉም የሚጣል ነገር እምብዛም የለም፤ ቅጠሉ ራሱ ሳሕን ሆኖ ያገለግላል። ነጭ በቆሎ በውሃ ብቻ ለረጅም ጊዜ ተቀቅሎ በወተትና በስኳር ሲበላ ማሳሞራ ይሰኛል፤ ይህ የሕፃናትና የሽማግሎች ምግብ ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። በቆሎም፣ ድንችም፣ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይሠራልን በርበሬም የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው። ወደ እኛ የደረሱት ስፔናውያንና ፖርቱጋላውያን ባሕር ከተሻገሩ በኋላ ነው። አባቶቻችን በቆሎን የባሕር ማሽላ ብለው መጥራታቸው ከባሕር ማዶ መምጣቱን የሚመሰክር ነው። ድንችንም ወደ አገራችን በ1858 ዓ.ም. ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ እንደ ሆነ ተጽፏል። እንግዲህ የእነዚያ የአንዲስ ተራራ ገበሬዎች ድካም ለእኛም ማእድ ደርሷል ማለት ነው። የማናውቃቸው ሰዎች ለብዙ ሺህ ዓመት ዘር መርጠውና ጠብቀው ባያቆዩልን ኖሮ ዛሬ በዐውደ ዓመት የምንሠራው ዶሮ ወጥ ቀይ መልክ ባልኖረው ነበር።

በዚያው በሰሜን ምዕራብ፣ እህል ለመዝራት በሚያስቸግረው ከፍተኛ ደጋ፣ ሕዝቡ ኪንዋ የሚባለውን ጥቃቅን ፍሬና ብዙ ዐይነት ባለ ቀለም ድንች ያመርታል፤ ያማ የሚባለውን የጭነት እንስሳ ሥጋም በጨው አድርቆ ቻርኪ ብሎ ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል። ስንዴ ከመጣ በኋላ ኪንዋ የባላገር ምግብ ተብሎ ተንቆ ነበር፤ ነገር ግን የደጋ ሴቶች ዘሩን ስለ ጠበቁት በዘመናችን የዓለም ገበያ ፈልጎ አገኘው። ኦገስት 1 ቀን ደግሞ ከክርስትና በፊት ከነበረው እምነት የወረሱትን ልማድ ይዘው ጕድጓድ ቈፍረው ለምድር ምግብ ያቀብራሉ። ይህ በእኛ እምነት የተቀባይነት ስፍራ የለውም፤ ሆኖም ምድር ስለምትሰጠው ነገር ቸል ያላሉ ሰዎች መሆናቸውን መረዳት ይቻላል።

ወደ ቈላማው ወደ ሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ ስንወርድ አልጋሮቦ የሚባል እሾሃም ዛፍ እናገኛለን። በድርቅ ዘመን እንኳ ጣፋጭ ፍሬ የሚያፈራ በመሆኑ ያገሬው ሰው ዛፍ እያለ ብቻ ይጠራዋል፤ ሌላ ስም እንደማያሻው ሁሉ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ዱቄቱም ተጠፍጥፎ ፓታይ የሚባል ቂጣ ይሆናል። ለዚህ ቂጣ ስኳርም እርሾም አያስፈልገውም። የዚህ ዛፍ ዘመድ የሆነው፣ ከወደ መካከለኛው አሜሪካ የመጣው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ በአገራችን በአፋር ምድር ተተክሎ ከተስፋፋ በኋላ የግጦሹን ሣር አጥፍቶ አርብቶ አደሩን እጅግ ያስጨነቀ ዛፍ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ዛፉ መጣ፤ ከዛፉ ጋራ የኖረው ሙያ ግን አልመጣም። እዚያ እንጀራ የሆነው እዚህ እሾህ ብቻ ሆኖ መቅረቱ፣ ዕፀዋትን ከሚያውቃቸው ሰው ዕውቀት ለይቶ ማምጣት ምን ያህል ጕዳት እንደሚያስከትል የሚያስተምር ነው።

አሁን ወደ ታወቀው ሥጋ እንምጣ። ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ያመጧቸው ከብቶች ፓምፓ በሚባለው የሣር ሜዳ ያለ ጠባቂ እየተራቡ ቍጥራቸው እስከማይታወቅ ድረስ በዙ። ጋውቾ የሚባሉት ፈረሰኞች ከብቱን የሚያርዱት ብዙ ጊዜ ለቈዳውና ለሞራው ሲሆን ሥጋውን ከሚበሉት በላይ ይጥሉት ነበር። ምግባቸውም በሜዳ ላይ እሳት አንድደው፣ ሥጋውን በብረት ወይም በእንጨት ወግተው፣ ከጨው በቀር ምንም ሳይጨምሩ ቀስ ብሎ የበሰለ ጥብስ ነበር። አሳዶ የሚባለው ይህ ነው። የባለሙያው ብልኃት በቅመም ሳይሆን በትዕግሥት ነው፤ ሥጋው የሚበስለው በነበልባል ሳይሆን በፍም ነውና። ከጐኑ የሚቀርበው ቺሚቹሪ የሚባለው ማጣፈጫ ፔርሲሜሎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ በርበሬ፣ አቼቶና ዘይት የተቀላቀለበት ነው።

ነገር ግን በዚህ ጥብስ ላይ ዛሬ በክብር የሚቀርቡት አንጀት፣ ኵላሊትና ሌላው የሆድ ዕቃ ታሪካቸው ሌላ ነው። በ1778 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከቦነስ አይረስ ሕዝብ ከሩብ የሚበልጠው ከአፍሪካ በግፍ የተጋዘና የእነርሱ ተወላጅ ነበር። ጌቶች የናቁትን የሆድ ዕቃ አጥበውና አዘጋጅተው የሚጣፍጥ ምግብ ካደረጉት ሰዎች መካከል እነዚህ አፍሪካውያን ይገኙባቸዋል። በየጐዳናው ማሳሞራና ኤምፓናዳ ተሸክመው እየዞሩ ይሸጡ ከነበሩት ሴቶችም ብዙዎቹ ከዚሁ ወገን ነበሩ። ያገሪቱ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ስለ እነርሱ ዝም ቢልም ማእዱ ግን ዝም አላለም። በሜዳው ላይ ይጣል የነበረውም ሥጋ ሀብት የሆነው በ1876 ዓ.ም. ለ ፍሪጎሪፊክ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ በማቀዝቀዣ የተጠበቀ ሥጋ ይዛ ቦነስ አይረስ ከደረሰች ወዲህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያገሪቱ ሥጋ ለአውሮፓ ገበያ ቀረበ። በ1950ዎቹ ዓመታት አንድ ሰው በዓመት 100 ኪሎ ግራም ገደማ የበሬ ሥጋ ይበላ የነበረ ሲሆን፣ በ2024 ዓ.ም. ግን የኑሮው ውድነትና የልማዱ መለወጥ ከ50 ኪሎ ግራም በታች አውርዶታል። እንግዲህ ሥጋ ባነሰበት ቤት የበቆሎውና የቦሎቄው ሙያ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርብ ነበር?

ኤምፓናዳን ከጠቀስን ዘንድ ጥቂት እንጨምር። ይህ በሊጥ ውስጥ ሥጋ ተከቶ፣ ጠርዙ በጣት ተጐንጕኖ በምድጃ የሚጋገር ወይም በሞራ የሚጠበስ ምግብ ከስፔን የመጣ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ጠቅላይ ግዛት የራሱ አድርጎታል። በሳልታ ሥጋው በቢላዋ በጥቃቅኑ ተከትፎ ድንች ይገባበታል፤ በቱኩማን ግን ድንች ማስገባት እንደ ነውር ይቈጠራል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል እንጂ። በቱኩማን ፋማያ በምትባለው ከተማ በየዓመቱ ለዚህ ምግብ ብሔራዊ በዓል ተደርጎ ባለሙያ ሴቶች ይወዳደራሉ። በሕማማት ሳምንት ሥጋ በማይበሉበት ጊዜ ደግሞ ሥጋው ቀርቶ ዓሣና ሽንኩርት የገባበትን ይጋግራሉ። ጾሙ ከእኛ ጾም የላላ ቢሆንም፣ ያንኑ ሊጥና ያንኑ ጉንጉን ሳይለውጡ ማእዱን ለጾም ማዋል የቤት እመቤት ብልኃት መሆኑን እናያለን።

በሰሜን ምሥራቅ በሚሲዮኔስና በኮሪየንቴስ የጓራኒ ሕዝብ ዋና ምግብ ካሳቫ ነው። ሥሩ ተፍቆና ታጥቦ ከሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት፣ ፎርማጆ፣ እንቍላልና ወተት ታክሎበት ቺፓ የሚባል ትንንሽ ዳቦ ይጋገራል። ካሳቫው የጓራኒ ነው፤ ፎርማጆውና እንቍላሉ ስፔናውያን ይዘዋቸው ከመጡት ከብትና ዶሮ የተገኙ ናቸው። ይሁንና ከምግቡ ይልቅ የዚያ አገር ስም የታወቀው በማቴ ቅጠል ነው። ደርቆ የተፈጨው ቅጠል በትንሽ ቅል ውስጥ ይደረጋል፤ ሳይፈላ የሞቀ ውሃ ይፈስበታል፤ በብረት መጥመጫም ይጠጣል። ከአንድ ቅል ሁሉም በየተራ ይጠጣሉ፤ የሚያቀርበው ሰው የመጀመሪያውን መራራ ራሱ ጠጥቶ ቀጣዩን ለእንግዳው ይሰጣል። እንግዳው አመሰግናለሁ ያለ እንደ ሆነ ይበቃኛል ማለቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማቴ በሕግ ብሔራዊ መጠጥ ተብሏል፤ በ2020 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ ከአንድ ቅል መጠጣት ሲከለከል ሕዝቡን ያሳዘነው መጠጡን ማጣቱ ሳይሆን አብሮ መጠጣቱን ማጣቱ ነበር።

በዚህ ቅጠል ታሪክ ውስጥ ለዛሬው ንግግራችን ዋና የሆነ ነገር አለ። ጓራኒዎች ቅጠሉን ከጫካ ይለቅሙ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት ከጓራኒዎች ጋራ ሆነው አስቸጋሪውን ዘር የማብቀል ብልኃት አግኝተው ዛፉን በእርሻ አለሙት። በ1767 ዓ.ም. የስፔን ንጉሥ ማኅበሩን ከግዛቱ ሁሉ እንዲባረር ባዘዘ ጊዜ ግን መንደሮቹ ፈረሱ፤ እርሻውም ጠፋ፤ ዘሩን የማብቀል ዕውቀትም ከሰዎቹ ጋራ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቅጠሉ እንደ ጥንቱ ከዱር መለቀም ሆነ፤ ለዚህም ሥራ ድኾች በዕዳ ተይዘው በጫካ ውስጥ እጅግ ተንገላቱ። ዛፉን እንደገና በስፋት በእርሻ ማልማት የተቻለው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። ዛሬ አርጀንቲና በማቴ ምርት ከዓለም አንደኛ ናት፤ ያ የጠፋው ዘመን ግን በጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ የነበረ ሙያ ሲቋረጥ ሕዝብን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ምስክር ሆኖ ይኖራል።

ወደ ምዕራብ ወደ አንዲስ ግርጌ ስናልፍ ሜንዶሳ፣ ሳን ሁዋንና ላ ሪዮሃ ከተራራ በረዶ በሚወርድ የመስኖ ውሃ ወይንና የወይራ ዘይት ያመርታሉ። በላ ሪዮሃ አራውኮ በሚባለው አገር ብዙ መቶ ዓመት የኖረ አንድ የወይራ ዛፍ አለ። እንደ ሕዝቡ ትውፊት፣ የስፔን ንጉሥ ያገሬው ወይራ ሁሉ እንዲቈረጥ ባዘዘ ጊዜ አንዲት ሴት ይህን አንዱን ደብቃ አዳነችው፤ የአካባቢውም ወይራ ሁሉ ከእርሱ ተራባ ይባላል። ወደ ደቡብ ወደ ፓታጎንያ ስንወርድ ደግሞ የበግ ጠቦት በብረት መስቀያ ተወጥሮ በእሳት ዳር ይጠበሳል። በዚያ ምድር የማፑቼ ሕዝብ ፔዌን ከሚባለው ረጅም ዛፍ የሚወድቀውን ፍሬ ቀቅሎና ፈጭቶ ይመገብ ነበር፤ ከ1878 እስከ 1885 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ዘመቻ ከርስቱ ቢነቀልም በኔውኬን የቀሩት እስከ ዛሬ ፍሬውን ይለቅማሉ። በ1865 ዓ.ም. ሚሞሳ በተባለች መርከብ 150 ያህል ሆነው የመጡት የዌልስ ሰዎች ደግሞ በቹቡት ሠፍረው፣ በዘቢብና በቅመም የጠቈረ ሳይበላሽ የሚቈይ ዳቦ እየጋገሩ በሻይ ያቀርባሉ።

ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ስደተኞች፣ ይልቁንም ከኢጣልያና ከስፔን፣ ወደ አገሪቱ ገቡ። ኢጣልያውያን የወሩ ደመወዝ በሚያልቅበት በ29ኛው ቀን ከድንችና ከዱቄት የሚሠራ ንዮኪ መብላትን ልማድ አድርገዋል፤ ከሳሕኑም በታች መጪው ወር እንዲባረክ ገንዘብ ያኖራሉ። ከጄኖቫ የመጡትም የሽምብራ ዱቄት በውሃ፣ በዘይትና በጨው በጥብጠው በፉርኖ የሚጋግሩትን ፋይና አስለመዱ። ለእኛ አንባብያን ደግሞ ልዩ ትርጕም ያለው ነገር፣ ከሶርያና ከሊባኖስ ከመጡት መካከል ብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች መኖራቸው ነው። በቱኩማንና በሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ ሠፍረው ኪቤ የሚባለውን የስንዴና የሥጋ ምግብ፣ ሎሚ የገባበትንም የዐረብ ኤምፓናዳ ያገሬው ምግብ እስኪመስል ድረስ አስለመዱት። ከእኛ ጋራ በእምነት አንድ የሆኑት አርመኖችም በቦነስ አይረስ በቅዱስ ጎርጎርዮስ አብራሂ ስም ካቴድራል አላቸው። ቋንቋቸው በልጅ ልጆቻቸው አፍ እየሳሳ ሲሄድ፣ የአያት ወጥ ግን በየቤቱ ጸንቶ ይኖራል።

ይህ ሁሉ ሳይጠፋ የኖረው በዕድል ብቻ አይደለም። በሳልታ ጠቅላይ ግዛት የተወለደችው ደራሲ ሁዋና ማኑዌላ ጎሪቲ በወጣትነቷ ከቤተ ሰቧ ጋራ ተሰዳ በቦሊቪያና በፔሩ ብዙ ዘመን ኖራለች። በ1890 ዓ.ም.፣ ልትሞት ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ከልዩ ልዩ አገር ወዳጆቿ የላኩላትን የምግብ አሠራር ሰብስባ በመጽሐፍ አሳተመች። ከእያንዳንዱ አሠራር ጋራ የላከችውን ሴት ስም ማኖሯ ያስመሰግናታል፤ ወጡ ባለቤት አገኘ ማለት ነውና። ከእርሷም በኋላ በሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ የተወለደችው ፔትሮና ጋንዱልፎ፣ አዲስ የመጣውን የጋዝ ምድጃ ለሴቶች በማሳየት ሥራ ጀምራ፣ በ1930ዎቹ ዓመታት ያሳተመችው መጽሐፍ ከመቶ ጊዜ በላይ ታትሞ የብዙ ሙሽሮች ስጦታ ሆነ።

በእኛ ዘንድ ሙያ በልብ ነው ይባላል። አባባሉ ባለሙያ ሴት አትመካም ለማለት ነው፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ከልቡ ጋራ ይቀበራል። ልጆቻችን በከተማና በባሕር ማዶ ሲያድጉ፣ እናት ልጇን ከማድ ቤት አርቃ ወደ ትምህርት ብቻ ስትልክ፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ የጾሙ ሥልጆና የሚጥሚጣው መጠን በማን ዘንድ ይቈያል? መማርን የሚቃወም አሳብ እንደሌለን ግልጽ ነው፤ የተማረች ልጅ እናቷ ያልጻፈችውን መጻፍ ትችላለችና።

ከጽሑፋችን ጋራ የሥራ ፍሬ እንዲገኝ፣ ሎክሮን በጾም ቀን እንዲስማማ ያለ ሥጋ እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳ፤ በአገሩም እንዲህ አድርገው የሚሠሩት አሉ። ለስምንት ሰው የሚበቃ ተሸክሽኮ ገለባው የወጣለት ነጭ በቆሎ ግማሽ ኪሎ፣ ነጭ ቦሎቄ ሩብ ኪሎ፣ ብስል ዱባ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ስኳር ድንች ግማሽ ኪሎና ሁለት ራስ ሽንኩርት ይዘጋጃል። በቆሎውና ቦሎቄው ለየብቻ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ የቦሎቄው ውሃ ይደፋል። ከዚያም በብዙ ውሃ አንድ ላይ ተጥዶ እስኪለሰልስ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀቀላል። ዱባው፣ ስኳር ድንቹና ሽንኩርቱ ተከትፈው ይጨመሩና በእንጨት ማማሰያ እየተማሰለ ሌላ አንድ ሰዓት በዝግታ ይበስላል፤ ዱባው ሲቀልጥ ጨውና ጥቂት ከሙን ይገባበታል። በሌላ መጥበሻ ዘይት ግሎ ከነቅጠሉ የተከተፈ ሽንኩርት ከለሰለሰ በኋላ፣ መጥበሻው ከእሳት ወርዶ፣ የማያቃጥል ቀይ በርበሬ ይጨመርበታል፤ በእሳት ላይ ከተጨመረ ያርራልና። ወጡ በሳሕን ከተጨለፈ በኋላ ይህ በማንኪያ ከላዩ ይፈስበታል።

ውድ አንባብያን፤ በሚመጣው ሰንበት አያት ወይም እናት ያላቸው ሁሉ አንድ ደብተርና እርሳስ ይዘው ከጐናቸው ይቀመጡ ዘንድ እንለምናለን። መጠኑን እፍኝና ቍንጥር ቢሏችሁ እንዲሁ ጻፉት፤ ምን ያህል ቀን እንደሚቦካ፣ በምን እንጨት እንደሚታጠን፣ በየትኛው ጾም እንደሚበላ ጠይቁ። ጎሪቲም እንዳደረገችው በገጹ ራስ ላይ ያስተማረቻችሁን ሴት ስም ከነአገሯ መጻፍ አትርሱ።